ብድር፣ መያዣና ጦር፦ እንግሊዝ በኔዘርላንድ አመፅ ውስጥ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድ ሲባል የዛሬዋን ኔዘርላንድ ብቻ ሳይሆን ቤልጂየምንና ሉክሰምበርግንም የሚያጠቃልሉ አሥራ ሰባት ግዛቶች ማለት ነበር። ሁሉም በውርስ የእስፔኑ ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊጶስ ነበሩ። ከከተሞቻቸው ትልቋ አንትወርፕ የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ወደ አውሮፓ የሚሰራጭባት ዋና ገበያ ስለነበረች፣ እዚያ የሚነሳ ሁከት የእንግሊዝን ሸማኔም፣ የለንደንን ነጋዴም፣ በቀረጥ የሚተዳደረውንም የዘውዱን ግምጃ ቤት ይነካ ነበር። የእንግሊዝን ሹማምንት ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን መልክዐ ምድሩ ነው። የዜላንድና የፍላንደርስ ወደቦች ለቴምስ ወንዝ አፍ ቅርብ ናቸው፤ ትልቅ ጦር ያለው መንግሥት ከያዛቸው እንግሊዝን ለመውረር የተመቸ መነሻ ያገኛል።

አመፁን ያቀጣጠሉት ሃይማኖትና ግብር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1566 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካልቪን ተከታዮች ከፍላንደርስ ጀምረው በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉትን ሥዕሎችና ምስሎች ሰባበሩ። በዓመቱ ፊሊጶስ የአልባን መስፍን 10,000 ከሚጠጋ የተፈተነ ጦር ጋር ላከ። አልባ ብራስልስ እንደገባ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቁሞ ከ1,000 በላይ ሰዎችን በሞት ቀጣ፤ በጁን 1568 ደግሞ ከአገሩ ታላላቅ መኳንንት መካከል ኤግሞንትንና ሆርንን በአደባባይ አሰየፈ። ከመኳንንቱ ቀዳሚው የኦሬንጁ ዊልያም አስቀድሞ ወደ ጀርመን ሸሽቶ ስለነበር ተረፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ባሕሩን ተሻግረው ኖሪች፣ ሳንድዊችና ለንደን ሰፈሩ። ስደተኞቹ አዲስ የሽመና ጥበብ ይዘው ስለመጡ ከተሞቹ ተጠቀሙባቸው፤ ለአመፀኞቹም ገንዘብና ወሬ የሚተላለፍባቸው መስመር ሆኑ።

ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ፕሮቴስታንት ብትሆንም አመፀኞቹን አትወዳቸውም ነበር። ዛሬ በፊሊጶስ ላይ የሚነሳ ሕዝብ ነገ በእሷ ላይ ለሚነሳው ምሳሌ ይሆናል፤ ለካልቪን ተከታዮች ጥብቅ ሥርዓትም ደንታ አልነበራትም። ምኞቷ ግዛቶቹ ለስሙ በእስፔን ዘውድ ሥር ሆነው እንደ ቀድሞው በራሳቸው ሕግና ልማድ እንዲተዳደሩ፣ የእስፔን ጦርም ከዚያ ለቆ እንዲሄድ ነበር። አመፁ ፈጽሞ ቢከሽፍ የአውሮፓ ኃያል ጦር ደጃፏ ላይ ይሰፍራል። አመፀኞቹ ተስፋ ቆርጠው የፈረንሳይን ንጉሥ ጌታቸው ቢያደርጉ ደግሞ ከእንግሊዝ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ዳርቻ በሙሉ የጥንት ባላጋራዋ ይሆናል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት መመሪያዋ አመፁ እንዳይሞት ያህል መርዳት፣ ጦርነት ውስጥ እንዳትዘፈቅ ያህል ደግሞ እጇን መሰብሰብ ሆነ። ከአማካሪዎቿ ሰር ፍራንሲስ ዋልሲንግሃምና የሌስተር ኧርል ሮበርት ደድሊ የእምነት ወንድሞቻችንን በግልጽ እንርዳ ባዮች ነበሩ። በኋላ ሎርድ በርሊ የተባለው ዊልያም ሴሲል ግን ግምጃ ቤቱን እያየ ያመነታ ነበር።

የመጀመሪያው ግልጽ ግጭት በገንዘብ መጣ። በ1568 መጨረሻ ለአልባ ወታደሮች ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ የጫኑ መርከቦች ከባሕር ወንበዴዎች ሸሽተው ወደ ፕሊመዝና ሳውዝሃምፕተን ተጠጉ። መጠኑ 85,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። ባለቤቶቹ የጄኖቫ ባንኮች ሲሆኑ ለፊሊጶስ ያበደሩት ገንዘብ አልባ እጅ እስኪገባ ድረስ የእነሱ ነው፤ ኤልሳቤጥም ይህንኑ መከራከሪያ ይዛ ራሷ ተበደረችው። አልባ በአጸፋው የእንግሊዝ ነጋዴዎችን ንብረት ያዘ፤ እንግሊዝም የእስፔንን ያዘች፤ ንግዱ እስከ 1573 ተቋረጠ። አልባ የጦሩን ወጪ ከአገሬው ለማውጣት በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ የአሥር በመቶ ግብር ሊጥል ሲነሳ ደግሞ ከሃይማኖት ጠብ ርቀው የነበሩት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ጠሉት።

በማርች 1572 ኤልሳቤጥ የባሕር ለማኞች የሚባሉትን የአመፁን መርከበኞች ከወደቦቿ እንዲወጡ አዘዘች። መጠጊያ ያጡት መርከበኞች ኤፕሪል 1 ቀን ብሪለ የተባለችውን የሆላንድ ትንሽ ወደብ ያዙ፤ ፍሊሲንገንም ተከትላ አመፀች፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላ አብዛኞቹ የሆላንድና የዜላንድ ከተሞች ለኦሬንጁ ዊልያም አደሩ። ይህ የንግሥቲቱ ረቂቅ ሴራ ነው የሚሉ ነበሩ። በዚያ ወቅት ግን ከእስፔን ጋር ንግዷን ለማደስ ትጥር ነበርና፣ ትእዛዙ ለአልባ የተሰጠ ማስታረቂያ ሆኖ ሳለ በተቃራኒው ውጤት አምጥቷል ማለቱ ለእውነት ይቀርባል። ብዙም ሳይቆይ ቶማስ ሞርገን 300 ፈቃደኞች ይዞ ፍሊሲንገን ገባ፤ ሰር ሃምፍሪ ጊልበርት ከ1,000 በላይ ጨምሮ ተከተለ። ንግሥቲቱ ብትጠየቅ አላዘዝኩም እንድትል ሁሉም በገዛ ፈቃዳቸው እንደዘመቱ ተደረገ። ጊልበርት ሁስ የተባለችውን ከተማ መያዝ አቅቶት በዚያው ዓመት ተመለሰ። ከሞርገን ጋር የሄዱትን የመሰሉ ተራ ወታደሮች ግን የጦር ሙያን ከዚህ ጀምረው ለሠላሳ ዓመት የተማሩት በዚያ ረግረግ ምድር ነው።

በ1576 ሆላንድና ዜላንድ ኤልሳቤጥን ሉዓላዊት ገዢያችን ሁኚ ብለው ጠየቋት፤ እሷም እምቢ አለች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደመወዝ ያልተከፈላቸው የእስፔን ወታደሮች አንትወርፕን ዘርፈው በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ሲገድሉ፣ ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም የሆኑ ግዛቶች በጌንት ተማምለው በአንድነት ቆሙ። ይህ ኤልሳቤጥ የምትመኘው መፍትሔ ነበር፤ ግን አልጸናም። በጃንዋሪ 1578 እስፔኖች ጌምብሉ ላይ አሸነፉ። ንግሥቲቱ የራሷን ጦር ከመላክ ይልቅ ዮሐን ካሲሚር የተባለ የጀርመን መስፍን ቅጥረኞችን አሰልፎ እንዲዘምትላት ገንዘብ ከፈለች፤ መስፍኑም ገንዘቡን በልቶ የረባ ሥራ ሳይሠራ ተመለሰ። ከዚያ የፈረንሳዩን ንጉሥ ወንድም የአንዡን መስፍን ሞከረች። ልታገባው ለዓመታት ተደራደረች፤ ጋብቻው ሲቀር በ1582 በሌስተር አሳጅባ አንትወርፕ አስገባችው፤ የብራባንት መስፍን ተብሎም ተሾመ። በጃንዋሪ 1583 አንዡ ከተማይቱን በኃይል ለመያዝ ሲነሳ ነዋሪዎቹ ወታደሮቹን በየመንገዱ ፈጇቸው። እሱ በጁን 1584 ሞተ፤ በወሩ ጁላይ 10 ቀን የኦሬንጁ ዊልያም ደልፍት ከተማ በገዛ ቤቱ ተገደለ። ለሌላ ሰው ከፍሎ ማዋጋት የሚባለው መንገድ እዚህ ላይ አበቃ።

በዚህ መካከል የፓርማ መስፍን አሌሳንድሮ ፋርኔዜ፣ በዘመኑ ከእስፔን የጦር አለቆች ሁሉ የላቀው፣ ከተሞቹን አንድ በአንድ ይለቅም ነበር። በ1584 ጌንትን፣ በማርች 1585 ብራስልስን ያዘ፤ አንትወርፕንም በወንዙ ላይ ድልድይ ሠርቶ ዘጋት። ፊሊጶስ ከፈረንሳይ ጽንፈኛ ካቶሊኮች ጋር በምስጢር ተዋውሏል፤ በሜይ 1585 ደግሞ በእስፔን ወደቦች የነበሩ የእንግሊዝ መርከቦችን ወረሰ። የአመፀኞቹ መልእክተኞች ሉዓላዊነቱን መጀመሪያ ለፈረንሳዩ ንጉሥ አቅርበው አልቀበልም ሲላቸው ወደ ለንደን መጡ። ኤልሳቤጥ ዘውዱን ዳግመኛ እምቢ ብላ እርዳታውን ፈቀደች። ስምምነቱ በኦገስት 1585 ነንሰች ቤተ መንግሥት ተፈረመ፤ በዚያው ወር ኦገስት 17 ቀን አንትወርፕ ለፓርማ እጇን ሰጠች።

የነንሰች ውል ከወዳጅነት ቃል ኪዳን ይልቅ የአበዳሪና የተበዳሪ ውል ይመስላል። እንግሊዝ ከ6,000 በላይ እግረኛና 1,000 ፈረሰኛ ትልካለች፤ ወጪው በዓመት 126,000 ፓውንድ ሲሆን ይህም ከዘውዱ መደበኛ ዓመታዊ ገቢ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ገንዘቡ ግን ስጦታ አይደለም፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ፍሊሲንገን፣ ብሪለና የራመከንስ ምሽግ በእንግሊዝ ጦር እጅ በመያዣነት ይቆያሉ። የመያዣዎቹ ምርጫ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ወደቦች ወደ አንትወርፕና ወደ ሮተርዳም የሚያስገቡት የውኃ መንገዶች በር ናቸውና። ጦሩን የሚመራው እንግሊዛዊ ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር በአመፀኞቹ የመንግሥት ምክር ቤት ይቀመጣል። ኤልሳቤጥ ወዲያው በልዩ ልዩ ቋንቋዎች መግለጫ አሳትማ የማንንም ግዛት እንደማትመኝ ለአውሮፓ አስታወቀች።

ሌስተር የራሱን ርስት አስይዞ ተበድሮ በዲሴምበር 1585 ፍሊሲንገን ወረደ። በየከተማው በመድፍ፣ በደወልና በግብዣ እንደ ነጋሽ ተቀበሉት። በጃንዋሪ የክፍለ ሀገራቱ ጠቅላላ ጉባኤ የጠቅላይ ገዥነትን ማዕረግ ሲሰጠው ንግሥቲቱን ሳያስፈቅድ ተቀበለ። ሹመቱ ኤልሳቤጥን በተዘዋዋሪ የአገሩ ሉዓላዊት ያደርጋታል፤ ያሳተመችውንም መግለጫ ውሸት ያደርገዋል። በቁጣ ሰር ቶማስ ሄኔጅን ልካ ማዕረጉን በአደባባይ እንዲተው አዘዘችው፤ በኋላ ረገብ ብላ ነገሩ ባለበት ቢቀጥልም የሌስተር ክብር ገና ከጅምሩ ተሸረሸረ። ከሁሉ በላይ ያጣላው ግን ንግድ ነበር። ሆላንድ ጦርነቱን የምትከፍለው ከጠላት ጋር ለሚነግዱ ነጋዴዎች ፈቃድ እየሸጠች ጭምር ነው። ለእንግሊዛዊ ይህ ክህደት ይመስላል። የአምስተርዳም ሰው በበኩሉ እህልና ጨው ካልነገደ ለወታደር የሚከፍለው የለውም። ሌስተር በኤፕሪል 1586 ንግዱን ሲከለክል የሆላንድ ጠበቃና መሪ ዮሐን ፋን ኦልደንባርነቬልት በግልጽ ተቃወመው። ሌስተር በበኩሉ ዩትሬክት ተቀምጦ ከጥብቅ የካልቪን ተከታዮችና ከደቡብ ከመጡ ተፈናቃዮች ጋር ወገነ፤ ይህም የአገሩን ከበርቴዎች አራቀበት።

የወታደሩ ኑሮ ከዚህም የከፋ ነበር። ደመወዝ የሚመጣው በጓዱ አለቃ በካፒቴኑ እጅ ነው፤ ካፒቴኑም የሞቱትንና የከዱትን ስም ከመዝገብ ሳይፍቅ ደመወዛቸውን ይቀበላል። ቆጣሪ ሹም የሚመጣበት ቀን ሲደርስ በአካባቢው የተገኘውን ሰው ለአንድ ቀን ከፍሎ በሰልፍ ያቆማል፤ ሹሙም ሲሄድ ያሰናብተዋል። በመዝገብ ላይ 150 የሆነ ጓድ ለውጊያ ሲጠራ ግማሹ ላይገኝ ይችል ነበር። ኤልሳቤጥ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እየጠየቀች አዲስ ከመላኳ በፊት የቀደመው ሒሳብ እንዲቀርብላት ታዝዛለች፤ ሒሳቡ እስኪመጣ ጫማና እንጀራ ያጣው ወታደር ገበሬውን ይዘርፋል። ንግሥቲቱ በቆጣቢነቷ ብዙ ተወቅሳለች፤ መዝገቦቹ ግን ጥርጣሬዋ መሠረት እንደነበረው ያሳያሉ። ለአሥር ዓመት የጦሩ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሰር ቶማስ ሸርሊ በ1597 ከሹመቱ ሲወርድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ጎድሎበት ተገኝቷል።

በ1586 የዘመቻ ወራት ሌስተር ጥቂት ድሎች አገኘ። የእህቱ ልጅ፣ ገጣሚውና የፍሊሲንገን ገዥ ሰር ፊሊፕ ሲድኒ ከኦሬንጁ ዊልያም ልጅ ከሞሪስ ጋር በሌሊት አክሰልን ያዘ። በሴፕቴምበር 22 ንጋት ላይ እንግሊዞች ለተከበበችው ዙትፌን ስንቅ ያስገባ የነበረ ጓዝ ሊያጠቁ በጭጋግ ውስጥ አደፈጡ። ጭጋጉ ሲገለጥ ከአጃቢ ያለፈ፣ በብዛት እጅግ የሚበልጣቸው ጦር ፊት ቆመው ተገኙ፤ ያም ሆኖ ደጋግመው በፈረስ ገቡበት። ሲድኒ የጭኑን ጥሩር ሳያጠልቅ ስለነበር ጥይት ከጉልበቱ በላይ መታው፤ ቁስሉ መርቅዞ በሳምንታት ውስጥ አርንሄም ላይ ሞተ። የሚጠጣውን ውኃ ለሌላ ቁስለኛ ሰጠ የሚለው ዝነኛ ታሪክ የተጻፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የጻፈው ወዳጁ ፉልክ ግሬቪልም በስፍራው አልነበረም። ስንቁ እንደሆነ ዙትፌን ገብቷል።

የአገሬውን እምነት የሰበረው ግን የጃንዋሪ 1587 ክህደት ነው። ሌስተር ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ደቬንተርን ለሰር ዊልያም ስታንሊና አብዛኞቹ አየርላንዳውያን ለሆኑ 1,200 ወታደሮቹ፣ በዙትፌን ፊት ለፊት ያለውን ምሽግ ደግሞ ለሮላንድ ዮርክ ትቶ ነበር። ስታንሊ ካቶሊክ፣ ዮርክ ደግሞ ቀድሞም ከእስፔን ጋር የዋለ ሰው መሆናቸውን ጉባኤው ተናግሮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ሁለቱም በአንድ ሰሞን የአደራ ቦታቸውን ለእስፔን አስረከቡ። ስታንሊ ከዚያ በኋላ በእስፔን ሥር የመራው ክፍለ ጦር የእንግሊዝ ካቶሊኮች መሰባሰቢያ ሆነ፤ በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ በባሩድ ሊያፈነዳ ሲል የተያዘው ጋይ ፎክስ በፍላንደርስ ያገለገለው በዚሁ ጦር ውስጥ ነው።

ሌስተር በ1587 በጋ ተመልሶ የተከበበችውን ስላውስን ለማዳን ሞከረ። ሮጀር ዊልያምስና ጓደኞቹ ከውስጥ በጀግንነት ቢከላከሉም ከውጭ ያሉት እንግሊዞችና ደቾች እርስ በርስ ሲወቃቀሱ ከተማዋ በኦገስት ወደቀች። ሌስተር በሆላንድ ከተሞች ሥልጣን በኃይል ለመያዝ ያደረገው ሙከራም ከሸፈ፤ በዲሴምበር ለመጨረሻ ጊዜ ሄደ። ሁለት ዓመቱ በጦር ሜዳ ብዙ አላስገኘም። ሆኖም ክፍለ ሀገራቱ ከዚያ ወዲህ የውጭ ጌታ መፈለጋቸውን ትተው በየጉባኤዎቻቸው ራሳቸውን ማስተዳደር ጀመሩ። የደች ሪፐብሊክ የተወለደችበትን ሁኔታ ካመቻቹት መካከል የሌስተር ውድቀት አንዱ ነው።

በ1588 የፊሊጶስ ታላቅ የመርከብ ጦር የፓርማን ሠራዊት ወደ እንግሊዝ ሊያሻግር ተነሳ። ኤልሳቤጥ እስከዚያ ሰሞን ድረስ ቡርቡርግ በተባለ ቦታ ከፓርማ ጋር የሰላም ንግግር ላይ ነበረች፤ ደቾች ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት፤ ቢሆንም ከጦርነቱ አልቀሩም። የእንግሊዝ መርከቦች ከካሌ ወደብ ፊት እስፔኖቹን በእሳት መርከብ በትነው ግራቭሊን አጠገብ ሲወጓቸው፣ በዩስቲነስ ፋን ናሳው የሚመሩት ቀላል የዜላንድ መርከቦች የደንከርክን ጥልቀት የሌለው ውኃ ዘግተው ያዙ። የፓርማ ወታደሮች የሚጫኑባቸው ጀልባዎች መድፍ አልነበራቸውምና ከወደብ መውጣት አልቻሉም። ስለዚያ ድል በእንግሊዝ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ይህን ግማሹን ይዘነጋል። በመከር ፓርማ በርገን ኦፕ ዞምን ከቦ በእንግሊዝና በደች ተከላካዮች ተመክቶ ተመለሰ።

ከ1589 ጀምሮ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሰር ፍራንሲስ ቬር ሆነ። ቬር የፖለቲካ ምኞት የሌለው ባለሙያ ስለነበር ከወጣቱ አዛዥ ከሞሪስ ጋር ተስማምቶ ሠራ። የኤልሳቤጥ መልእክተኛ ሆኖ በምክር ቤቱ የተቀመጠው ቶማስ ቦድሊ፣ በኋላ የኦክስፎርድን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመው፣ ከጉባኤው ጋር ስለ ገንዘብ ሲከራከር ቬር ከተማ ይከብ ነበር። በ1591 ዮርክ አሳልፎ የሰጠውን የዙትፌን ምሽግ ለማስመለስ ወጣት ወታደሮች መርጦ ገሚሱን እንደ አካባቢው ገበሬ ሴቶች፣ ሌላውን እንደ ወንዶቹ አለበሳቸው። ቅርጫትና የገበያ ሸክም አስያዛቸው፤ ከልብሳቸው ሥር ሽጉጥና አጭር ሰይፍ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ወደ ከተማ የሚያሻግራቸውን ጀልባ የሚጠብቁ መስለው በምሽጉ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ የቬር ፈረሰኞች ሊይዟቸው የመጡ መስለው ብቅ ሲሉ ገበሬዎቹ እየሮጡ ወደ ምሽጉ በር ተጠጉ፤ በሩም ተከፈተላቸው። ምሽጉ በዚህ ተያዘ፤ ዙትፌንም በቀናት ውስጥ፣ ደቬንተርም ቀጥላ እጅ ሰጡ።

ይሁንና ኤልሳቤጥ በ1590ዎቹ የተፈተኑትን ጓዶች እየነቀለች ወደ ፈረንሳይ ትልክ ነበር። ሪፐብሊኳ ስትበለጽግ ደግሞ ንግሥቲቱ ብድሯን ትጠይቅ ጀመር። በ1596 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሪፐብሊኳ ተባበሩ፤ የደች መርከቦችም ካዲዝን በዘረፈው የእንግሊዝ ዘመቻ ተካፈሉ። ፈረንሳይ በ1598 ከእስፔን ጋር ስትታረቅ ኤልሳቤጥ በዚያው ዓመት ኦገስት ሒሳቡን ዘጋች። ዕዳው 800,000 ፓውንድ ተባለ፤ በዓመት 30,000 እንዲከፈል፣ የእንግሊዝ ወታደሮችም ከዚያ ወዲያ ደመወዛቸውን ከሪፐብሊኳ እንዲያገኙ ተስማሙ። ይህ ለሁሉም በጀ፤ ሪፐብሊኳ ደመወዝ በሰዓቱ ትከፍል ነበርና። በጁላይ 1600 በኒውፖርት አሸዋማ ዳርቻ ሞሪስ ሲያሸንፍ ግንባሩን የመራው ቬር ሲሆን ራሱ ቆሰለ፤ አብረውት ከነበሩት 1,600 ገደማ እንግሊዛውያንም ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሞተ ወይም ቆሰለ። በቀጣዩ ዓመት ኦስተንድ ስትከበብ ገዥዋ እሱ ነበር። በዲሴምበር 1601 ሰው ሲያልቅበት ለእጅ መስጠት የሚደራደር መስሎ ጊዜ ገዛ፤ ረዳት ጦር በባሕር ሲደርስለት ንግግሩን አቋረጠ። በጃንዋሪ የመጣበትንም ታላቅ ጥቃት መለሰ፤ የሚያፈገፍጉትን ወታደሮችም የውኃውን በር ከፍቶ ወደ ባሕር አስጠረጋቸው።

ኤልሳቤጥ በ1603 ሞተች፤ ተተኪዋ ቀዳማዊ ጄምስም በ1604 ለንደን ላይ ከእስፔን ጋር ታረቀ። በመያዣ የተሰጡትን ከተሞች አልለቀቀም፤ በሪፐብሊኳ ደመወዝ የሚዋጉትንም አልጠራም፤ እስፔንም በበኩሏ ከእንግሊዝ ፈቃደኛ እንድትመለምል ተፈቀደላትና የአንድ አገር ሰዎች በሁለቱም ምሽግ ተገናኙ። በኤፕሪል 1609 አንትወርፕ ላይ ለተፈረመው የአሥራ ሁለት ዓመት የጦርነት ማቆም ስምምነት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች አደራዳሪ ነበሩ። በ1616 ጄምስ ገንዘብ ቸገረው። ቀሪው ዕዳ በወረቀት ላይ ከ600,000 ፓውንድ የማያንስ ቢሆንም የመያዣ ከተሞቹን ጠባቂ ጦር ማኖሩ ከየዓመቱ ክፍያ ትልቁን ድርሻ ይበላ ነበር። ኦልደንባርነቬልት 250,000 ፓውንድ በጥሬው አቀረበ፤ ጄምስ ተቀበለ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ፍሊሲንገንን፣ ብሪለንና ራመከንስን አስረከበ።